ኮሌጅ ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ ካንቫስን ተለማመዱ

ዲቪ ደርሷችሁ ወይም ቤተሰብ ጠርቷችሁ አሜሪካ የገባችሁ፣ ትምህርት ለመጀመር ያሰባችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዲሲ አካባቢ ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ነው። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ያለው ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ይገባል።

እኔ ስመጣ የፈራሁት እንግሊዝኛውን ነበር። ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነው። አገር ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ ተጠሪው ይነግረናል፣ ሃንድአውቱን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን እናነሳለን። እዚህ ይሄ ሁሉ ካንቫስ በሚባል ወይም እሱን በመሰለ የኮሌጁ የትምህርት ድረ ገጽ ውስጥ ነው። አስተማሪው ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ሳይል አሳይመንቱ እዚያ ይወጣል፣ የማስገቢያ ቀኑም እዚያው ያልፋል። አንድም ቀን ሳልቀር ሁለት ሳምንት ዜሮ ያገኘሁት ለዚህ ነው። «ዲስከሽን» የሚለውን አይቼዋለሁ፤ የፈለገ የሚጽፍበት መስሎኝ ነበር። ለካ ነጥብ አለው፣ ለሁለት ተማሪዎች መልስ መጻፍም ግዴታ ነበር።

ሰዓቱንም አደራ! «እሁድ 11፡59 ፒኤም» ካለ በእኛ ከሌሊቱ 5፡59 ነው። ጭንቅላታችሁ ገና በሐበሻ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ ትሳሳታላችሁ። የማታ ሥራ ያላችሁ ደግሞ ቅዳሜ አስገቡት፤ ከሥራ ወጥታችሁ ባቡር ውስጥ ሆናችሁ በስልክ ለመላክ መታገል ያሳዝናል።

በነገራችን ላይ ስልክ ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ፈተና በሎክዳውን ብራውዘር ነው (ስትፈተኑ ሌላ ገጽ እንዳትከፍቱ የሚዘጋ ፕሮግራም ነው)፤ እሱ ደግሞ ስልክ ላይ አይሠራም። ላፕቶፕ ከሌላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ኮሌጁን ጠይቁ፣ ብዙዎቹ ያውሳሉ።

ስልክ ቁጥር ስትቀይሩም መጀመሪያ የትምህርት ቤት አካውንታችሁ ላይ ቀይሩ። እኔ ርካሽ መስመር አገኘሁ ብዬ ቀየርኩ። የፈተና ቀን ስገባ የማረጋገጫ ኮዱ ወደ አሮጌው ቁጥር ሄደ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሰዓቱ ሲያልቅ አየሁ።

አሁን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጉዳይ ነው። ድርሰት ሳይቀር የሚጽፈው ቻትጂፒቲ በኅዳር 2022 ከወጣ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ጽሑፉን ኤአይ ጽፎት እንደሆነ የሚመረምር ሶፍትዌር መጠቀም ጀምረዋል። ችግሩ ይሄ ሶፍትዌር ይሳሳታል፣ ያውም በእኛ ላይ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰዎች ራሳቸው የጻፏቸውን 91 የቶፍል (የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) ድርሰቶች በ7 መመርመሪያዎች አስመረመሩ። በአማካይ ከግማሽ በላዩን «ማሽን የጻፈው» አሏቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ቃላቱ ውስን ናቸው፣ አረፍተ ነገሩም ይደጋገማል፤ መመርመሪያው የሚጠረጥረው ደግሞ እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ ድርሰታችሁን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ጉግል ዶክስ ላይ ጻፉ። መቼ ምን እንደጻፋችሁ፣ ምን እንደሰረዛችሁ ይመዘግብላችኋል። ብትጠረጠሩ ከፍታችሁ ታሳያላችሁ። ኤአይ ይፈቀድ አይፈቀድ እንደሆነም ሲላበሱ (አስተማሪው የኮርሱን ደንብና ዕቅድ የሚጽፍበት ወረቀት) ላይ እዩ፤ ከአስተማሪ አስተማሪ ይለያያል። ሰዋስው ለማረም ብቻ እንኳ ቢሆን አስቀድማችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱንም አታጥፉት።

ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮሌጁ ላይብረሪ ሂዱና «ካንቫስ አሳዩኝ» በሉ። አትፈሩ። እዚያ የተቀመጡት ሠራተኞች ለዚሁ ነው የሚከፈላቸው።