ከፒኤችዲ በኋላ ለፌሎሺፕ ስታመለክቱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

እዚህ ሐዋሳ ፒኤችዲ ጨርሰው "አሁንስ ምን?" የሚሉ ወጣት የጤና ተመራማሪዎች እየበዙ ነው። የብዙዎቹን የፖስትዶክ ፌሎሺፕ ማመልከቻ አንብቤያለሁ። ጎበዞች ናቸው። የሚወድቁት ግን ሳይንሱ ጠፍቷቸው አይደለም፤ ቀድመው ቢያውቁት በቀላሉ በሚታረም ነገር ነው። ይሄ ያንገበግበኛል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። እንዲህ ያለ ፌሎሺፕ የሚሰጠው ለፕሮጀክቱ ብቻ አይደለም፣ ለሰውየው ነው። ደሞዝ፣ የምርምር ገንዘብና ጊዜ ሰጥቶ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ በራሱ ጥያቄ፣ በራሱ ግራንት (የምርምር ድጎማ)፣ በራሱ ቡድን የሚሠራ ተመራማሪ እንዲወጣው ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

የአድቫይዘርን (የፒኤችዲ አማካሪን) ጥናት አስፍቶ ማቅረብ

ትልቁ ይሄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልጻፈው። ፒኤችዲው ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሌላ ሰው ግራንት ነው። ጥያቄው የአድቫይዘሩ፣ መረጃው የፕሮጀክቱ። ምንም ነውር የለውም። ጣጣው የሚመጣው ፖስትዶክ ላይ ያው ጥናት ተመልሶ ሲቀርብ ነው። በሁለት ወረዳ የተሠራውን በስድስት ወረዳ መሥራት አዲስ ጥያቄ አይሆንም። ገምጋሚው ማወቅ የሚፈልገው "ይቺ ልጅ ከአድቫይዘሯ ስትለይ ምን ትሠራለች?" የሚለውን ነው።

ወባን እንውሰድ፤ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ቁጭ ብለን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። አንዷ ፒኤችዲዋን የሠራችው ጤና ኬላ ላይ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ ከማይክሮስኮፕ ጋር ምን ያህል ይስማማል በሚለው ላይ ነው እንበል። ያንኑ ሌላ ዞን ሄዶ መድገም የአድቫይዘሯ መንገድ ነው። አሁን ቪቫክስን አስቡ። ይህ የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፤ እሱን ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኪን ደግሞ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን የሚዋጥ ነው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን የለቀቀው፣ ማሳው የሚጠብቀው ገበሬ ቀሪውን ይውጠዋል? ማን ነው የሚያቋርጠው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስንተኛው ቀን ቤቱ ብትደርስ ለውጥ ይመጣል? ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሰው ሰው ላይ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ስለሚችል የደኅንነቱ ነገርም አብሮ ይነሳል። ይሄ ከድሮ ሥራዋ ጋር ይያያዛል፣ ግን አድቫይዘሯ ያልሄዱበት መንገድ ነው። የራሷ ነው።

ማመልከቻውንም ከዚያ ገበሬ ጀምሩት። "ወባ ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች ዋነኛ የጤና ችግር ነው" የሚለውን መግቢያ ገምጋሚው መቶ ጊዜ አንብቦታል።

ከአድቫይዘራችሁ ጋርም ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። የትኛው ጥያቄ፣ የትኛው ናሙና፣ የትኛው መረጃ ከእናንተ ጋር ይሄዳል? ማንሳቱ ይከብዳል፣ በተለይ ያሳደጉን ሰው ሲሆኑ። ግን አሁን ካልተነሳ በኋላ ቅሬታ ሆኖ ይመጣል።

"አንተው ጻፍና አምጣው"

ይህን ንግግር ያልሰማ አለ?

"ፕሮፌሰር፣ የድጋፍ ደብዳቤ ፈልጌ ነበር፤ ዓርብ ነው የሚዘጋው።"

"አንተው ጻፍና አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ።"

ፕሮፌሰሩ ክፉ ሆነው አይደለም፣ በሦስት ቀን ውስጥ ምን ያድርጉ? ልጁ ማታውን ስለራሱ ይጽፋል። ታታሪ ነው፣ ሰዓት አክባሪ ነው፣ ከሰው ጋር ተግባቢ ነው። ገምጋሚ የሚፈልገው ነገር ግን አንዱም የለበትም። ሜንተሩ፣ ማለትም በፌሎሺፑ ጊዜ የሚመሩት ሰው፣ በወር ስንት ጊዜ ያገኙታል? የትኛውን ዘዴ ያስተምሩታል? የትኛውን ላብራቶሪ ይከፍቱለታል? ከሁሉም በላይ ደግሞ "ይህ ሐሳብ የእሱ ነው፣ ፌሎሺፑ ሲያልቅ ይዞት ይሄዳል" ብለው ይጽፋሉ ወይ? ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከአንድ ገጽ ሙገሳ ትበልጣለች።

ስለዚህ ሁለት ወር ቀድማችሁ ሂዱ። የፕሮፖዛሉን አጭር መግለጫ ስጧቸው፣ ደብዳቤው ውስጥ መነካት ያለባቸውን ነጥቦች በአንድ ገጽ አስቀምጡላቸው፣ በራሳቸው ቃል እንዲጽፉት ለምኗቸው። ሜንተር ስትመርጡም በስም ብቻ አትሂዱ። ኢሜይል የማይመልስ ታዋቂ ሰው ምንም አይጠቅማችሁም። ቢያንስ አንዱ የፒኤችዲ አድቫይዘራችሁ ያልሆነ ሰው ይሁን፣ ቢያንስ አንዱ ደግሞ የአገራችንን አሠራር የሚያውቅ። የአሜሪካው ፎጋርቲ ማዕከል ኬ43 የሚባለው ድጋፍ ለምሳሌ ሜንተር ከአሜሪካም ከአገር ቤትም ይጠይቃል።

ጊዜያችሁን ሳታስከብሩ ማመልከት

ኬ43 ከሙሉ የሥራ ጊዜያችሁ 75 በመቶው ለምርምርና ለሥልጠናው እንዲውል ያዛል። አሁን ሪፈራል ወይም ኮሌጅ ውስጥ ያለውን ሳምንት አስቡት፦ ሌክቸር፣ ዲዩቲ፣ ለሚያማክሯቸው የማስተርስ ተማሪዎች እርማት፣ ኮሚቴ፣ ድንገት የተጠራ ስብሰባ። 75 በመቶው ከየት ይመጣል?

"ተቋማችን ለአመልካቹ አስፈላጊውን ድጋፍ ሁሉ ያደርጋል" የሚል የዲን ደብዳቤ ማኅተም ቢኖረውም ባዶ ነው። የትኛው ኮርስ ለማን እንደሚተላለፍ፣ ዲዩቲው በምን ያህል እንደሚቀንስ፣ የትኛውን ቢሮ ወይም ላብራቶሪ እንደምትጠቀሙ፣ ፌሎሺፑ ሲያልቅ የሥራ መደባችሁ ምን እንደሚሆን በግልጽ መጻፍ አለበት። የዲፓርትመንት ኃላፊዋ "ማን ይሸፍንልሃል?" ብለው ሲጠይቁ አትከፉ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ተማሪዎቹ ያለ አስተማሪ መቅረት የለባቸውም። መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። የፌሎሺፑ ሕግ ከፈቀደ ለተተኪ አስተማሪ የሚሆን ክፍያ በጀቱ ውስጥ አስገቡ፣ ካልፈቀደ ኮርሱን በአንድ ሴሚስተር አሰባስባችሁ ሌላውን ነፃ የምታደርጉበትን መንገድ አቅርቡ።

የዓመት ቆጠራ

እያንዳንዱ ፌሎሺፕ የራሱ ሰዓት አለው። የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ስክሎዶውስካ ኪዩሪ (ማሪ ኪዩሪ) ፌሎሺፕ ከፒኤችዲ በኋላ እስከ 8 ዓመት ይፈቅዳል። ኬ99 የሚባለው የአሜሪካ ድጋፍ የፖስትዶክ ልምዳችሁ ከ4 ዓመት እንዳይበልጥ ይፈልጋል። የእኛ ካላንደር ደግሞ እዚህ ላይ ሰው ይጥላል፤ ኅዳር 2015 ፒኤችዲውን የተከላከለ (ዲፌንስ ያደረገ) ሰው በፈረንጆቹ 2022 ላይ ነው፣ ሰኔ 2015 የተከላከለ ግን 2023 ላይ። ዝም ብሎ 7 ወይም 8 መደመር ሳይሆን ወሩን አይቶ መቁጠር ነው። የሚቆጠረው የዲፌንሱ ቀን ይሁን የምረቃው፣ ማስታወቂያው ላይ ፈልጉት፣ ካልተጻፈ ጠይቁ።

እህቶቼ፣ ወልዳችሁ ከሆነ ደብቃችሁ አትለፉት። ብዙዎቹ ፌሎሺፖች የወሊድ ዕረፍትን ከቆጠራው ያወጡታል ወይም ግምት ውስጥ ያስገቡታል። በኛ አገር ሕግ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው። ማስረጃውን አያይዙ። ጊዜያችሁ አልፏል ብላችሁ የተዋችሁት ዕድል ምናልባት አላለፈም።

ሳንድዊች ፒኤችዲ (ከፊሉ ውጭ፣ ከፊሉ አገር ቤት) የሠራችሁም አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ማሪ ኪዩሪ ከማመልከቻው መዝጊያ ቀን በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ የምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ መኖርን ወይም መሥራትን አይፈቅድም። ኖርዌይ ቆይታችሁ ተመልሳችሁ እንደገና ኖርዌይ የምትሉ ከሆነ ፓስፖርታችሁን አውጥታችሁ ወሮቹን ደምሩ።

ምዝገባውን ለመጨረሻው ሳምንት መተው

ኬ43ንና ኬ99ን የሚሰጠው ኤንአይኤች (የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት) የአመልካቹ ተቋም ራሱ በበርካታ ሲስተሞች እንዲመዘገብ ይፈልጋል፣ ሳምንታት ይፈጃል፣ እናንተ ደግሞ ልትጨርሱት አትችሉም፤ የተቋሙ ግራንት ቢሮ ነው የሚጨርሰው። ከፈረንጆቹ 2025 ወዲህ ለውጭ ተቋማት ገንዘብ የሚያስተላልፍበት አሠራርም ስለተቀየረ ጓደኛችሁ ከሦስት ዓመት በፊት ያመለከተበትን መመሪያ አትመኑ። የሰዓት ልዩነቱንም አስቡ፤ ማሪ ኪዩሪ የሚዘጋበት የብራስልስ 17:00 በመስከረም በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው ደግሞ 1 ሰዓት። በዚያ ሰዓት መብራት ወይም ኔትወርክ ቢጠፋ ማንም አያዝንላችሁም። ከአንድ ቀን በፊት አስገቡ።

ሐዋሳ ላይ የማይሠራ ነገር ተምሮ መምጣት

ውጭ መሄድ ጥሩ ነው። ግን እዚያ የምትማሩት ዘዴ እዚህ የሌለ ማሽን፣ በጊዜ የማይደርስ ሪኤጀንት (የላብራቶሪ ኬሚካል)ና የማይቋረጥ ቅዝቃዜ የሚፈልግ ከሆነ ስትመለሱ እጃችሁ ባዶ ነው። ፕሮፖዛሉ ውስጥ ከተመለሳችሁ በኋላ ያለውን ሥራ ጻፉ፤ ማን ይጠግነዋል፣ ማን ይገዛዋል፣ ማንን ታሠለጥናላችሁ። ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱና የሥነ ምግባር ፈቃዱ ወራት ሊወስዱ ይችላሉ፣ የሥራ ዕቅዱ ላይ ጊዜ ስጧቸው። ሥራው በአብዛኛው አገር ቤት የሚሠራባቸው ፌሎሺፖችም አሉ፤ ኬ43 አንዱ ነው። ልጅ ላላችሁና ቤተሰብ ጥላችሁ መሄድ ለማትችሉ መጀመሪያ እነሱን እዩ።

አንዴ ተጥሎ መተው

የመጀመሪያው ማመልከቻ ቢወድቅ የተለመደ ነው። የሚያሳዝነው የገምጋሚዎቹ አስተያየት ኢሜይል ውስጥ ሳይከፈት ሲቀር ነው። ክፈቱት። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ንዴቱ ሲበርድ፣ ከሜንተራችሁ ጋር መስመር በመስመር አንብቡት፤ "ጥያቄው ሰፊ ነው" ከተባለ አጥብቡት፣ "ነፃነቱ አይታይም" ከተባለ ወደ መጀመሪያው ስህተት ተመለሱ። ማሪ ኪዩሪ ላይ ግን ከተወሰነ ነጥብ በታች ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ተቀባይ ተቋም በኩል መልሶ ማመልከት አይችልም፤ ስለዚህ እንደገና መጻፍ ከመጀመራችሁ በፊት ያገኛችሁትን ነጥብና የዘንድሮውን መመሪያ አስተያዩ፣ ካልተፈቀደም ሌላ ተቀባይ ተቋም መፈለግ ከአሁኑ ጀምሩ።