ጨርቁን አትግለጡት፦ ክረምት ለበጎ ፈቃድ ገጠር የሚወጡ ተማሪዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ክረምት ሲገባ ሕክምና፣ ነርሲንግ ወይም ፋርማሲ ለመግባት የሚያስቡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ወደ ደሴና ኮምቦልቻ ይመለሳሉ። የጥቂት ቀን የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይወስዱና ወደ ኩታበር፣ አምባሰል፣ ተሁለደሬና ቃሉ ቀበሌዎች ይወጣሉ። ጉጉታቸው ደስ ይላል። ስህተታቸው ግን ዘንድሮም ያው የአምናው ነው፤ አብዛኛውም ካለማወቅ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚገባውን እዚያው ሜዳ ላይ ለመጨረስ ከመቸኮል የሚመጣ ነው። እጅ ስለመታጠብና ጓንት ስለማድረግ እዚህ አላወራም፤ እሱን የማያውቅ ከከተማም ባይወጣ ይሻላል።

ጨርቁን እየገለጡ ማየት

ከሁሉም የሚያናድደው ይሄ ነው። ሰውየው እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያው ቅልጥሙን ይመታዋል። ተማሪው ጎዝ አድርጎ ይጫናል፤ እስከዚህ ድረስ ጎበዝ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ቆመ ይሆን?» ብሎ ገለጥ ያደርገዋል። ሊረጋ የጀመረው ደም ከጎዙ ጋር ተላጦ ይነሣል፣ መድማቱም እንደ አዲስ ይጀምራል። እንደገና ይጫናል፣ እንደገና ይገልጣል። አጎት ይመጣና «እስኪ ልየው» ይላል፤ ይገለጥለታል። ወንድም ይመጣል፤ ለእሱም ይገለጥለታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስትደርስ «አምስት ጎዝ ቀየርንለት» ተብሎ እንደ ትልቅ ሥራ ይነገራታል። አምስት ጎዝ መቀየር ማለት ደሙን አምስት ጊዜ ማስጀመር ነው! ቁስሉን ማየት ለእናንተ ምንም አይጠቅማችሁም፤ አትሰፉት፣ አታጥቡት። ታዲያ ምን ልታዩ ነው የምትገልጡት?

አሠራሩ ይህ ነው። ንጹሕ ጎዝ፣ ከሌለ የታጠበ ነጠላ አጣጥፋችሁ ደሙ ከሚወጣበት ነጥብ ላይ አድርጉ። ሁለቱን መዳፍ ደርባችሁ፣ ክንዳችሁን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በሰውነታችሁ ክብደት ተጫኑ። ስልካችሁ ላይ 10 ደቂቃ ሙሉ፤ እስኪጮህ ድረስ እጃችሁ አይነሣም። ደም ካለፈ ሌላ ጨርቅ ከላይ ደርቡ። ከተደረበም በኋላ የሚፈስ ከሆነ ግፊቱ ነጥቡን ስቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ገልጣችሁ ነጥቡን በጣት ፈልጉ። የክንድ ወይም የእግር ቁስል ጥልቅ ከሆነ ጎዙን ወደ ውስጥ ጠቅጥቃችሁ እንደገና ተጫኑ። ደረትና ሆድ ላይ ግን ምንም አይጠቀጠቅም። ስትደርሱ የቡና ዱቄት ተነስንሶበት ካገኛችሁ ለመጥረግ አትታገሉ፤ ከላዩ ተጫኑ።

በግፊት አልቆም ካለ ቱርኒኬት (ደም የሚያግድ ጥብቅ ማሰሪያ) ይታሰራል፣ ክንድና እግር ላይ ብቻ። ገመድ፣ ሽቦና የጫማ ክር ሥጋ ይቆርጣሉ እንጂ ደም አያቆሙም። የተዘጋጀ ቱርኒኬት ከሌላችሁ በየቤቱ መቀነት አለ። ወርዱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አጣጥፋችሁ ከቁስሉ በላይ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ እሰሩት፤ ጉልበትና ክርን ላይ ግን አይሆንም። ቋጠሮው ላይ ዱላ አስገብታችሁ ደሙ እስኪቆም አዙሩ፣ ዱላው እንዳይፈታ እሰሩት። ያማል፤ ሰውየው ይጮሃል፤ አዝናችሁ እንዳታላሉት። ላላ ያለ ማሰሪያ ከምንም የባሰ ነው፤ ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ያግድና ከልብ የሚመጣውን ያሳልፋል፣ መድማቱም ይብሳል። በየሩብ ሰዓቱ ፈታ ማድረግ የሚባለውን የድሮ ትምህርት እርሱት። የታሰረበትን ሰዓት ጻፉ፤ አጻጻፉን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ጋውን ለብሶ መውጣት

ገጠር ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው። ስቴቶስኮፕ አንገት ላይ ከተጨመረማ አለቀ፤ እናቶች ጤና ኬላውን አልፈው እናንተ ዘንድ ይሰለፋሉ፣ «ልጄ፣ መርፌ ውጋኝ» ይላሉ። እምቢ ስትሉ መድኃኒት የደበቃችሁ ይመስላቸዋል። ይባስ ብሎ እሺ የሚልም አለ፤ ከቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ከቦርሳው አውጥቶ አራት ፍሬ የሚሰጥ። አራት ፍሬ በሽታውን አያድንም፤ ሕመሙን ለጥቂት ቀን ይሸፍንና ሰውየውን ጤና ጣቢያ ከመሄድ ያዘገየዋል።

የበጎ ፈቃድ ሰደርያ ይበቃል። «እማማ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ጤና ጣቢያ ድረስ ግን አብሬዎት እሄዳለሁ» ማለት የሚያሳፍር አይደለም። መጀመሪያ የምትሄዱት ደግሞ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነው። ነፍሰ ጡር ማን እንደሆነች፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የትኛው ቤት እንዳለ፣ መንገዱ ከየት እንደሚቆረጥ የምታውቀው እሷ ናት። ወንድ ተማሪ ሴት ታማሚ ዘንድ ብቻውን አይግባ፤ ሴት ጓደኛው ትቅደም፣ እሱ በር ላይ ሆኖ ጎዝ ያቀብል።

የደም ግፊት ልኬት

ሽቅብ ወጥታ የመጣችን ሴት ወዲያው ይለኳታል። ወይም ሦስተኛ ስኒ ላይ ያለን፣ ጫት የያዘን ሰው እያጫወቱ ይለኩታል፤ ቡናም ጫትም ወሬም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ከዚያ 150 በ95 ያዩና «ግፊት አለብዎት» ብለው ሰውየውን እንቅልፍ ያሳጡታል። በአንድ ቀን ልኬት ለማንም ግፊት አለብህ አይባልም።

ቡና ከጠጣ 30 ደቂቃ ይለፈው። 5 ደቂቃ በጸጥታ ይቀመጥ፤ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ ሳይጠላለፍ መሬት ረግጦ፣ ክንዱ በልብ ትክክል ተደግፎ። ማሰሪያው በባዶ ክንድ እንጂ በጋቢና በሹራብ ላይ አይታሰርም። ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙ፤ ሁለቱንም ቁጥር ጽፋችሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስጡ። ነፍሰ ጡር ሆና 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ካሳየች ግን ነገ አይባልም፤ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለባት ደግሞ አምቡላንስ ይጠራል።

የጣት ኦክስጅን መለኪያ

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ጤነኛ ሰው 93 በመቶ ቢያሳይ አትደንግጡ፤ ኮምቦልቻ ወርዶ ቢለካ ከፍ ይላል። ከማለዳው ብርድ የገባ የቀዘቀዘ ጣት፣ የጥፍር ቀለም ወይም ጥቁር ሂና ያለበት ጥፍር ልኬቱን ያዛባል። ጣቱን አሙቁ፣ ሌላ ጣት ሞክሩ፣ የልብ ምቱ ቁጥር ተረጋግቶ እስኪቆም ጠብቁ። ከ90 በታች ሆኖ ከቆየ፣ ወይም ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ልጁ ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ከሆነ፣ መሣሪያውን አስቀምጡና ተንቀሳቀሱ።

ኦ.አር.ኤስን በግምት መበጥበጥ

ኦ.አር.ኤስ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጥ የጨውና የስኳር ዱቄት ነው፤ አንዱ ፓኬት ለ1 ሊትር ውኃ ነው። «በሃይላንድ በጥብጡት» ብሎ መምከር ብቻውን አደጋ አለው፤ የግማሽ ሊትርም የ2 ሊትርም ሃይላንድ አለና። በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ጨውና ስኳሩ ይበዛል፣ የሕፃኑን ተቅማጥና ጥማት ያባብሳል። በ2 ሊትር ከቀጠነ ደግሞ የወጣውን ጨው አይተካም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ልኩን ለእናቲቱ በጣት አሳዩአት፣ እሷም እፊታችሁ ትበጥብጥ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ በማንኪያ ቀስ እያለ። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ጠብቃ ትቀጥል። በ24 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ያላለቀው ይደፋል። ጡት ማጥባት አይቋረጥም፤ ዚንኩን ከጤና ኬላ ትውሰድ።

ቃሬዛን መናቅ

ከሥልጠና የወጣ ተማሪ የሚያውቀው የአምቡላንስ ስትሬቸር ነው፤ ቃሬዛ ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ሐምሌ ላይ አምቡላንሱ የማይገባበት ጭቃ ሞልቷል። በሽተኛውን አስፋልት የሚያደርሰው ቅሬው (የአካባቢው ዕድር) ነው። የቅሬ ሰዎች ተሸክመው ኖረውበታል፤ ትከሻ አቀያየሩን፣ ወንዙ የሚሻገርበትን ቦታ እነሱን ጠይቁ። እናንተ የምትጨምሩት ሌላ ነው።

አንደኛ፣ ብርድ ልብስ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ይነጠፍ። ብርዱ በጀርባ ነው የሚገባው፤ ደም የፈሰሰው ሰው ከቀዘቀዘ ደሙ መርጋት ያቅተዋል፣ የያዛችሁት ቁስል እንደገና ይፈስሳል። እርጥብ ልብሱን አውልቁለት። ነፍሰ ጡር በጀርባዋ አትተኛ፤ ማህፀኑ ወደ ልብ ደም የሚመልሰውን ትልቅ ሥር ይጫንና ራሷን ያስታታል። ወደ ግራ ጎኗ አድርጋችሁ ከጀርባዋ ጋቢ ጠቅልላችሁ ደግፏት። ራሱን የሳተ ግን የሚተነፍስ ሰውም በጎኑ ይተኛ። ዳገትም ቁልቁለትም ላይ ራስጌው ወደ ላይኛው አቅጣጫ ይሁን። ማሰሪያው ደረት ላይ እንዳይጠብቅ፤ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑረው። አንዳችሁ ምንም ሳትሸከሙ ከራስጌው በኩል ትሄዳላችሁ፣ ሥራችሁ ትንፋሹን ማየት ብቻ ነው።

ቃሬዛ ከሌለ ሁለት ጠንካራ አጣና እና ሁለት የማዳበሪያ ጆንያ ይበቃል፦ የጆንያዎቹን የታች ማዕዘኖች ቀዳችሁ አጣናዎቹን አሳልፉ። በሽተኛውን ከመጫናችሁ በፊት ጤነኛ ሰው አስተኝታችሁ አንሡት። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከተገለበጠ መኪና የወጣን ሰው ደግሞ ባጃጅ ላይ አጣጥፎ ማስቀመጥ አይሆንም፤ አንዱ ራሱን ይዞ፣ ሦስቱ ትከሻውን፣ ዳሌውንና እግሩን ይዘው፣ ራሱን የያዘው በሚሰጠው ትእዛዝ እንደ አንድ ግንድ ያዙሩት። እሳት ወይም ሌላ መኪና የሚመጣበት ስጋት ካለ ግን ይህን ሁሉ ትታችሁ ጎትቱ።

መብረቅ የመታውን ለመንካት መፍራት

መብረቅ የመታው ሰው ሰውነቱ ኤሌክትሪክ አይዝም፤ ወዲያው ይነካል። የመብረቅ ነገር ከሌላው አደጋ ይገለበጣል፦ ብዙ ሰው ከተመታ የሚያቃስተውን ትታችሁ ዝም ያለውን አስቀድሙ። ልቡ ሊመለስ ይችላል፣ ትንፋሹ ግን ዘግይቶ ነው የሚመለሰው፤ ስለዚህ ደረት መጫን ብቻውን አይበቃውም፣ ትንፋሽም ይሰጠው። 30 ግፊት፣ 2 ትንፋሽ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ለአዋቂ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በየ2 ደቂቃው ሰው መቀያየር። ከአልጋ ወይም ከፍራሽ ላይ አውርዱት፤ አለዚያ ደረቱን ሳይሆን ፍራሹን ነው የምትጫኑት። ደመናው እያጉረመረመ ከሆነ መጀመሪያ ከዛፉ ሥር ራቁ።

ትንንሾቹን ባንድ ልበላቸው። ሰው ሲያንዘፈዝፈው ክብሪት አይሸተትም፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ አይገባም፤ ራሱን ከድንጋይ ጠብቁለት፣ ሲበርድለት በጎኑ አድርጉት፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ። የሚነስረው ሰው ወደ ፊት ያጎንብስ እንጂ ወደ ኋላ አይቀና፤ የአፍንጫው ልስልስ ክፍል 10 ደቂቃ ይያዝ። ቃጠሎ ላይ ኮልጌት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀባም፤ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት፣ እጁ ሳያብጥ ቀለበትና አምባር ይውለቅ። የእባብ ንክሻ አይበጣም፣ አይመጠጥም፣ አይታሰርም፤ እግሩ እንደ ስብራት ተደግፎ ሰውየው ሳይራመድ ይወሰዳል። ውሻ የነከሰው ቁስል 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም ለክትባት በዚያው ቀን ይሂድ። የተባይ መድኃኒት የጠጣን ሰው ማስመለስ፣ ወተት መጋት የለም፤ ጓንት አድርጋችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን እጠቡ፣ ጠርሙሱን አብራችሁ ላኩ። ፎቶ አንሥቶ ቴሌግራም ላይ ለሚለጥፍ የምለው የለኝም።

ያለ ቃል መላክ

የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። ገጠር ስትወጡ ግን የወረዳውን አምቡላንስ ሾፌርና የጤና ጣቢያውን ተረኛ ስልክ በመጀመሪያው ቀን መዝግቡ፤ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ የት እንደሆነም ጠይቁ። ስትደውሉ «ቶሎ ድረሱ» ብላችሁ አትዝጉ፦ ቀበሌው፣ ጎጡ፣ መኪና የሚደርስበት የመጨረሻው ቦታ፣ ምን እንደደረሰ፣ ይተነፍሳል ወይ፣ ይደማል ወይ።

በሽተኛው ሲሄድ አብሮት ወረቀት ይሂድ። ዕድሜ፣ ምን መታው፣ መቼ፣ ምን ተደረገለት፣ ምን በላ ጠጣ፣ የሚወስደው መድኃኒት ካለ። ሰዓቱ ላይ ተጠንቀቁ፦ «ቱርኒኬት 2፡00» ብቻ ብላችሁ ብትጽፉ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ሆስፒታል ያለው ሐኪም አያውቅም፤ የ6 ሰዓት ልዩነት ደግሞ እግሩን ለማዳን በሚወሰነው ውሳኔ ላይ ትልቅ ነገር ነው። «ከጠዋቱ 2፡00፣ በኢትዮጵያ» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀት ከሌለ በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ደረቱ ላይ ለጥፉ፤ ዘመድ ኪስ ውስጥ የገባ ወረቀት ሪፈር ሲቀያየር ይጠፋል።