አንቲቫይረስ ሲራገፍ የሚቀረውን ርዝራዥ ማጽዳት

አንቲቫይረስ እንደ ሌላው ፕሮግራም በአንድ ጠቅታ ተነቅሎ የሚሄድ አይደለም። የራሱን ድራይቨር (ከዊንዶውስ ዋና ክፍል ጋር አብሮ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ከዊንዶውስ ጋር አጣብቆ እያንዳንዱን ፋይል ከመከፈቱ በፊት ይፈትሻል። ቫይረስ እንዳያጠፋው ራሱን እንዲከላከል ተደርጎ ስለተሠራ፣ ባለቤቱ ሲያራግፈውም ያስቸግራል። በማራገፉ መሐል መብራት ከሄደ ደግሞ ግማሹ ተነቅሎ ግማሹ ይቀራል።

የሚያሳስበው ርዝራዡ ቦታ መያዙ አይደለም። ሌላ አንቲቫይረስ ሲመዘገብ ዊንዶውስ አብሮት የሚመጣውን የራሱን አንቲቫይረስ፣ ዲፌንደርን፣ ያሳርፋል። ምዝገባው ሳይሰረዝ ከቀረ ዲፌንደር እንዳረፈ ይቀራል፤ ኮምፒውተሩም ያለ ጠባቂ ያድራል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር እስኪደርስ ድረስ ባሉት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንድ ኮምፒውተር ላይ የማመልከቻ አጻፊውም፣ የተማሪውም፣ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛውም ፍላሽ በየተራ ይሰካል። እዚያ አንድ ማሽን ያለ ጠባቂ ማደሩ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገውን ቫይረስ ለከተማው ማደል ነው።

ሥራውን በዝግጅት ይጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ይሙላ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ይኑረው፤ በክረምት ያለ እነዚህ ባይነኩት ይሻላል። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የአንቲቫይረሱን አምራች የማራገፊያ መሣሪያ ከራሱ ከአምራቹ ገጽ አውርደው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። ካስፐርስኪ፣ አቫስት፣ ኢሴት፣ ማካፊ፣ ኖርተንና ቢትዲፌንደር እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አላቸው፤ የአንዱ ለሌላው አይሠራም። አንዳንዱ መሣሪያ የኔትወርክ ቅንብርን ወደ መጀመሪያው ስለሚመልስ፣ በእጅ የተሞላ አይፒ አድራሻ (የኮምፒውተሩ የኔትወርክ ቁጥር) ካለ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ዲስኩ በቢትሎከር (በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር አስቀድመው ይያዙ፤ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልጉትን ክፍሎች ብቻ ይዞ የሚነሣበት ሁኔታ) ሲገቡ ሊጠየቁ ይችላሉ። ችግር ቢመጣ ዊንዶውስን ወደነበረበት የሚመልስ ሪስቶር ፖይንትም ይፍጠሩ።

መጀመሪያ በተለመደው መንገድ፣ ከ«ሴቲንግስ» «አፕስ» ገብተው ያራግፉ። በኳራንቲን (አንቲቫይረሱ የተጠረጠሩ ፋይሎችን በሚያግድበት ቦታ) የተያዙት ፋይሎች ይቆዩ ወይ ተብለው ከተጠየቁ ይጥፉ ይበሉ። ከዚያ ሪስታርት ያድርጉ። ሻት ዳውን አድርጎ መልሶ ማብራት አይተካውም፦ «ፋስት ስታርትአፕ» በርቶ ከሆነ ሻት ዳውን ሲያደርጉ የዊንዶውስ ዋናው ክፍል ዲስክ ላይ ተቀምጦ እንደነበረ ይመለሳል፤ በሚቀጥለው መነሻ ይጥፉ ተብለው የተቀጠሩት ፋይሎችም ሳይነኩ ይቀራሉ።

ቀጥሎ ሴፍ ሞድ ነው። ሺፍትን ተጭነው ይዘው «ሪስታርት»ን ይንኩ፤ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ»፣ እንደገና «ሪስታርት»፤ ዝርዝሩ ሲመጣ 4 ቁጥርን ይጫኑ። በዚህ ሁኔታ የአንቲቫይረሱ ራስን የመከላከል ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይነሣ መሣሪያው ያለ ትግል ይነቅለዋል። የኢሴቱ መሣሪያ ጭራሹን ከሴፍ ሞድ ውጭ አይሠራም። ሲጨርስ በተለመደው ሁኔታ ሪስታርት ያድርጉ። ብዙው ሰው ይህን ደረጃ ዘልሎ ፎልደር በእጁ ማጥፋት ይጀምራል፤ ጉዳቱ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

በእጅ የሚጸዳው ከዚህ በኋላ የቀረው ብቻ ነው። ፋይል ኤክስፕሎረር ላይ «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርገው ሲ ድራይቭ ላይ «ፕሮግራም ፋይልስ»ን (ሁለቱንም)፣ «ፕሮግራም ዴታ»ንና በተጠቃሚው ስም ሥር ያለውን «አፕ ዴታ» ይመልከቱ። የአምራቹን ስም የያዘ ፎልደር ካለ ያጥፉት። «አክሰስ ዲናይድ» ካለዎት ባለቤትነቱን በግድ ወደ ራስዎ አዙረው አይታገሉት። መልእክቱ ብዙውን ጊዜ ጠባቂ ድራይቨሩ ገና በሥራ ላይ ነው ማለት ነው።

ድራይቨሩን ለማየት ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው በእንግሊዝኛ ፊደል ኤፍ፣ ኤል፣ ቲ፣ ኤም፣ ሲ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። የፋይል ማጣሪያዎች (ፋይል ሲከፈት መሐል የሚገቡ ድራይቨሮች) ዝርዝር ይመጣል፤ ከስማቸው ጎን «አልቲትዩድ» የሚል ቁጥር አለ። ከ320000 እስከ 329998 ያለው ለአንቲቫይረስ የተመደበ ነው። በ328010 ላይ የተቀመጠው «ደብሊውዲ ፊልተር» የዲፌንደር ስለሆነ አይንኩት። በዚያ ክልል ሌላ ስም ካዩ «ሲስተም 32» ውስጥ ካለው «ድራይቨርስ» ፎልደር ተመሳሳዩን ፋይል ፈልገው በቀኝ ጠቅታ «ፕሮፐርቲስ»፣ «ዲቴይልስ» ይበሉ፤ የማን እንደሆነ እዚያ ይነበባል። ያራገፉት አንቲቫይረስ መሆኑን ካረጋገጡ ኮማንድ ፕሮምፕቱ ላይ ኤስሲ፣ ክፍት ቦታ፣ ዲሊት፣ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የድራይቨሩን ስም ጽፈው ምዝገባውን ይሰርዙ። ሪስታርት ያድርጉ። ፋይሉን ከዚያ በኋላ ያጥፉ።

ኪቦርድና ዲስክ ላይ ለሚቀመጡ ማጣሪያዎች ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ በዚህ ዝርዝር ላይም አይታዩም። የሚጻፉት ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች የሚቀመጡበት መዝገብ) ውስጥ «አፐር ፊልተርስ» በሚባለው ቦታ ነው። ፋይሉ ጠፍቶ ስሙ እዚያ ከቀረ ኪቦርዱ ይሞታል፤ የዲስክ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ አይነሣም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ስሙን ከ«አፐር ፊልተርስ»፣ ቀጥሎ ምዝገባውን፣ በመጨረሻ ፋይሉን ነው። ስሙን ሲያወጡ የአንቲቫይረሱን መስመር ብቻ ይደምስሱ። ኪቦርዱ ላይ «ኬቢዲ ክላስ» የሚለው መስመር የዊንዶውስ ነው፤ ሙሉውን ካጠፉት ኪቦርዱ አብሮ ይሄዳል። ከመንካትዎ በፊት «ኤክስፖርት» ብለው ቅጂ ያስቀሩ። ሬጅስትሪን በአንድ ጠቅታ እናጸዳለን የሚሉ ፕሮግራሞችን አይጠቀሙ፤ ማይክሮሶፍትም አይደግፋቸውም።

ዋይፋይ ተገናኝቶ ኢንተርኔት እምቢ ካለ የኔትወርክ ማጣሪያው ቀርቷል ማለት ሊሆን ይችላል። የኔትወርክ ካርዱን «ፕሮፐርቲስ» ከፍተው የአንቲቫይረሱን ስም ይምረጡና «አንኢንስቶል» ይበሉ። ብራውዘሩ ላይ የቀረ የአንቲቫይረሱ ኤክስቴንሽን (ተቀጥላ ፕሮግራም) ካለም ያውጡ።

አሁን «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ይክፈቱ። የድሮው ስም አሁንም እንደ ጠባቂ ተጽፎ ከሆነ ያንኑ አንቲቫይረስ መልሰው ጭነው፣ ሪስታርት አድርገው፣ ሳይቋረጥ እንደገና ያራግፉት። አድካሚ ይመስላል፤ ግን የተበላሸ ምዝገባን ሬጅስትሪ ከመቆፈር ይልቅ ይህ በደኅና ያስተካክለዋል። ዲፌንደር ሲነሣ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» መብራቱን አይተው ያድሱት። ኔትወርክ ከሌለ የማደሻውን ፋይል ከማይክሮሶፍት ገጽ ሌላ ቦታ አውርደው በፍላሽ ማምጣት ይቻላል፤ የ32 እና የ64 ቢቱ ስለሚለያይ የኮምፒውተሩን ዓይነት አስቀድመው ይዩ።

መጨረሻ ላይ «አይካር» የሚባለውን 68 ፊደልና ምልክት ያለው የመሞከሪያ ጽሑፍ ኖትፓድ ላይ ለጥፈው ያስቀምጡ። ጉዳት የለውም፤ አንቲቫይረሶች ግን ቫይረስ ነው ብለው እንዲይዙት ስምምነት አለ። ዲፌንደር ወዲያው ከያዘው ማሽኑ የሰው ፍላሽ ለመቀበል ዝግጁ ነው። ዝም ብሎ ካሳለፈው ግን ወደ ሴፍ ሞዱ ደረጃ ይመለሱ፤ እስከዚያ ማንም ፍላሽ አይሰካበት።