የመማር ስልትና የምህንድስና ውጤት፦ ጥናቱን ከጥያቄው ጀምሮ ማስተካከል

በድሬዳዋም ሆነ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎችን የመማር ስልት አጠናለሁ ብሎ የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው መጠይቅ ፎቶኮፒ በማድረግ ነው። መቅደም ያለበት ግን ጥያቄው ነው። «ስንቱ ተማሪ በምስል መማር ይመርጣል?» ብሎ መጠየቅ ከቆጠራ አያልፍም። መምህሩን የሚጠቅመው «ትምህርቱ በሥዕል ሲሰጥ፣ ምስል የሚመርጡት ተማሪዎች ከሌሎቹ የበለጠ ይሻሻላሉ ወይ?» የሚለው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ቀደምት ጥናቶችን ሲገመግሙ፣ ማስተማሪያ ዘዴን ከተማሪው ስልት ጋር ማዛመድ ውጤት እንደሚያሻሽል የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኙም። አብዛኞቹ ጥናቶች ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በሚፈትን መንገድ አልተሠሩም ነበርና።

በምህንድስና ትምህርት በብዛት የሚሠራበት የፌልደርና የሶሎማን መጠይቅ ነው። መነሻው ፌልደርና ሲልቨርማን በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሞዴል ሲሆን ለንግድ ላልሆነ ጥናት ያለ ክፍያ መጠቀም ይቻላል። 44 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ «ሀ» ወይም «ለ» ያስመርጣል። በአራቱ ዘርፎች (በመሥራትና በማሰላሰል፣ በተጨባጭ ነገርና በሐሳብ፣ በምስልና በቃል፣ በቅደም ተከተልና በጥቅሉ) 11፣ 11 ጥያቄ ይደርሳል። ጥያቄ 1፣ 5፣ 9 እያለ እስከ 41 የሚሄደው የመጀመሪያው ዘርፍ ነው፤ ሌሎቹም ከ2፣ ከ3 እና ከ4 ተነስተው በአራት በአራት ይዘላሉ።

ነጥቡ የ«ሀ» ብዛት ሲቀነስ የ«ለ» ብዛት ነው። 11 ጥያቄ ሁሉ ከተመለሰ ልዩነቱ ምንጊዜም ጎዶሎ ቁጥር ነው። ተጋማሽ ቁጥር፣ ለምሳሌ 4 ወይም 6 ካያችሁ አንድ ጥያቄ ተዘሏል ወይም ሁለቱም ተከብበዋል ማለት ስለሆነ ወረቀቱን አውጥታችሁ ተመልከቱ። በአራቱም ዘርፍ 11 ያመጣው ደግሞ 44ቱንም «ሀ» ብሎ የሸኘ ተማሪ ነው፤ ከትንተናው ይውጣ። ነጥቡ ከዜሮ በታች ከሆነ ወደ «ለ» ያዘነብላል፤ የመቀነስ ምልክቱ ሳይታይ ከ1 እስከ 3 ያለው ነጥብ ሚዛናዊ፣ 5 እና 7 መካከለኛ፣ 9 እና 11 ጠንካራ ዝንባሌ ያሳያል። በትንተና ጊዜ ግን ነጥቡን እንዳለ ተጠቀሙ። «የምስል» እና «የቃል» ብሎ ለሁለት መክፈል 1 ያመጣውን ከ11 ጋር አንድ ላይ ያስቀምጠዋል።

የሥነ ልቦና ሊቁ ጋርድነር የዘረዘራቸው የብልህነት ዓይነቶች ሌላ ጉዳይ ናቸው። በ1983 እ.ኤ.አ. ሰባት ነበሩ፤ የተፈጥሮ ብልህነት በኋላ ሲጨመር ስምንት ሆኑ። ጋርድነር ራሱ ብልህነትን ከመማር ስልት ጋር አታምታቱ ይላል። በ1 እስከ 5 መለኪያ የሚሞሉት መጠይቆች ተማሪው ስለራሱ የሚያስበውን እንጂ ችሎታውን አይለኩም። «ካርታ አይቼ መንገድ አገኛለሁ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ ከከዚራ ወደ ሳቢያን በባጃጅ የሚሄድ ተማሪ ካርታ ከፍቶ አያውቅም፤ ዝቅተኛ መልሱ የልማድ እንጂ የቦታ ብልህነት ማነስ አይደለም። «የሙዚቃ መሣሪያ እጫወታለሁ» የሚለውም መሣሪያውን የማግኘት ዕድልን ይለካል። የቦታ ችሎታ ለኢንጂነሪንግ ድሮዊንግ ወሳኝ ስለሆነ በቀጥታ መለካት ይሻላል። ቅርጾችን በአእምሮ ማዞርን የሚፈትነው የፐርዱ ፈተና 30 ጥያቄ በ20 ደቂቃ ነው፤ ትክክልና ስህተት መልስም አለው።

የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ቢሆንም ክፍሉ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ አፋቸውን የፈቱበት ተማሪዎች አሉ። መጠይቁን ከተረጎማችሁ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ሁለቱ የማይገጥሙበትን ቦታ አርሙ። ከዚያ ከናሙናው ውጪ ባሉ 30 ያህል ተማሪዎች ሞክሩትና ክሮንባክ አልፋን (ጥያቄዎቹ አንድን ነገር በወጥነት መለካታቸውን የሚያሳየውን ቁጥር) አስሉ። ለፌልደር መጠይቅ ከ0.5 በላይ ተቀባይነት አለው፤ ለ1–5 መለኪያዎች 0.7 ይፈለጋል።

በናሙና ላይ ሁሉም የያማኔን የናሙና መጠን ቀመር ይጠቅሳል። 480 ተማሪ ቢኖር በ5 በመቶ ስህተት 219 ይመጣል፤ ሲቪል 200፣ ኤሌክትሪካል 160፣ ሜካኒካል 120 ከሆኑ 91፣ 73 እና 55 ይደርሳቸዋል። ይህ ቀመር ግን በመቶኛ ለመገመት የተሠራ ነው። ግንኙነት የምትፈልጉ ከሆነ 0.3 የሆነ ኮሪሌሽን (የሁለት ነገሮች የግንኙነት መጠን) በ80 በመቶ ዕድል ለመያዝ 85 ሰው ይበቃል፤ 0.2 ለመያዝ 194 ያስፈልጋል። 4ኛ ዓመቶች ኢንተርንሺፕ ላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ ከዲፓርትመንቱ ጠይቁ።

ማዛመድን ለመፈተን ሁለት ርዕሶችን ተጠቀሙ፣ ለምሳሌ ከስታቲክስ ትረስን (ከተገጣጠሙ ዘንጎች የተሠራ መዋቅር) እና ሰበቃን። ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ክፈሉ። አንደኛው ቡድን ትረስን በሥዕል፣ ሰበቃን በጽሑፍ ይማር፤ ሁለተኛው በግልባጩ። እንዲህ ሲሆን ማንም ሳይበደል ሁሉም ሁለቱንም ያገኛል። ፈተናው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ሥዕል የበዛበት ከሆነ ግን ራሱ ፈተናው ለአንድ ወገን ያደላል። በሪግሬሽኑ (የፈተናውን ውጤት በዘዴና በስልት በሚገምተው ቀመር) ውስጥ ማየት ያለባችሁ ዘዴና ስልት ተባዝተው የሚገቡበትን ቦታ ነው፤ ማዛመድ መጥቀሙን የሚያሳየው እሱ ነው።

ግሬድ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ መምህራን የተለያየ አሰጣጥ ስላላቸው ውጤቱን በየሴክሽኑ አማካይና መደበኛ ልይይት አስተካክሉ። ስምንት ብልህነትና አራት ዘርፍ በአምስት ኮርስ 60 ኮሪሌሽን ይሆናሉ፤ ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ በ0.05 መለኪያ ሦስት ያህሉ በአጋጣሚ «ጉልህ» ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ የምትፈትኑትን ሁለት ሦስት ግንኙነት አስቀድማችሁ በፕሮፖዛሉ ጻፉ።

መጠይቁ በጠዋት ይሞላ፤ የድሬዳዋ ከሰዓት ሙቀት ተማሪውን ያቻኩለዋል። ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ስለሆነ፣ የፈተና ሳምንትም ስለማይሆን ይቅሩ። ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ አውጡ። ግሬድ የሚሰጠው መምህር ወረቀቱን አያድል፤ ተማሪው እምቢ ማለት ያስፈራዋልና። በስም ፋንታ ኮድ ተጠቀሙ፤ የኮዱና የመታወቂያ ቁጥሩ ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍ።

ተማሪ ነጥቡን ቢጠይቅ ስጡት፣ ግን «አንተ የቃል ተማሪ ነህ» ብላችሁ አትፈርጁት። ወደ ቃል በ3 ብቻ ያዘነበለ ልጅ ሚዛናዊ ነው፤ ድሮዊንግ አይሆነኝም ብሎ እንዳይሸሽ ይህን በግልጽ ንገሩት፣ ቅርጾችን በአእምሮ ማዞር በልምምድ እንደሚሻሻልም ጨምሩለት።