የሺራካዋ-ጎን የበረዶ ምሽት ለማየት የሚሄዱ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጃፓን ጊፉ ግዛት፣ በሾ ወንዝ ዳር፣ ዙሪያውን ተራሮች የከበቡት ኦጊማቺ የሚባል መንደር አለ። ሺራካዋ-ጎ በሚለው ስም ዓለም የሚያውቀው በአብዛኛው ይህንኑ መንደር ነው። ከ100 በላይ የሳር ክዳን ቤቶችና ጎተራዎች ያሉት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከጎረቤቱ ከጎካያማ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በጃንዋሪና በፌብሯሪ፣ በእኛ አቆጣጠር በጥርና በየካቲት መጀመሪያ አካባቢ፣ በጣት በሚቆጠሩ ምሽቶች በረዶ የተከመረባቸው ጣሪያዎች ከውጭ መብራት ይበራባቸዋል። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ መሄድ ይመኛል፤ ፎቶግራፉ ግን የሚያሳየው ጣሪያውን እንጂ ከጣሪያው ሥር የሚኖረውን ሰው አይደለም፤ ጎብኚዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩትም ከዚሁ ነው።

ጉዞውን ከሥሩ የሚያበላሸው ስህተት ቦታ ሳያስይዙ መሄድ ነው። ቀድሞ ማንም ሰው መኪናውን እየነዳ መጥቶ ማየት ይችል ነበር፤ በዚህም ምክንያት ጠባቡ የተራራ መንገድ በተሽከርካሪ እየታፈነ፣ የመንደሩ ነዋሪ ከቤቱ መውጣትም ሆነ ወደ ቤቱ መግባት እየተቸገረ ሄደ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ግን ዝግጅቱ ሙሉ በሙሉ አስቀድሞ በማስያዝ ብቻ የሚጎበኝ ሆኗል። ማስያዝ የሚቻልባቸው መንገዶች የተለያዩ ናቸው፦ በመንደሩ የእንግዳ ማረፊያዎች ማደር፣ ለመኪና የማቆሚያ ቦታ መግዛት፣ ወይም ከታካያማ፣ ከካናዛዋና ከናጎያ በሚነሡ የጉብኝት አውቶቡሶች መሄድ። ከሁሉም የሚመረጠው እዚያው ማደር ቢሆንም ፈላጊው ብዙ፣ ክፍሉ ጥቂት በመሆኑ ዕድሉ የሚገኘው በዕጣ ነው። ከውጭ አገር ለሚሄድና የጃፓንን የበረዶ መንገድ ለማያውቅ ሰው በእኔ አስተያየት የሚሻለው አውቶቡሱ ነው፤ መግቢያውም መመለሻውም አንድ ላይ ያልቅለታልና። በመንደሩ የባቡር ጣቢያ የለም፤ ስለዚህ «ካመሸሁ በሌላ ነገር እመለሳለሁ» ብሎ ማሰብ አያዋጣም። ቀኖቹ በየዓመቱ ስለሚለያዩ ያለፈውን ዓመት ቀን ይዞ የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥም የዚሁ ስህተት ታናሽ ወንድም ነው።

የእኛን ሰው በተለይ የሚያጠቃ ሌላ ስህተት አለ፤ እርሱም ሰዓት ነው። መብራቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚበራው በጃፓን ሰዓት ከ17፡30 እስከ 19፡30 ነው። ይህ በእኛ አነጋገር ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። አንዱ ለሌላው በስልክ «5፡30 ነው» ብሎ ሲነግረው፣ ሰሚው 5 ሰዓት ተኩል አድርጎ ከወሰደው ወይ ረፋድ ላይ ይደርሳል፣ ወይ ደግሞ መብራቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላ። ማስያዣው የሚከፈተውም በጃፓን ሰዓት ስለሆነ፣ ጃፓን አዲስ አበባን በ6 ሰዓት፣ በበረዶው ወራት ደግሞ ዋሽንግተንን በ14 ሰዓት እንደምትቀድም አስቦ ማስላት ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ላለ ሰው ቀኑም ጭምር ሊለወጥ ይችላል።

ሁለት ሰዓት ብቻ የሚቆይ ነገር በመሆኑም ዘግይቶ መድረስ ብዙ ያሳጣል። በጃንዋሪ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ11 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ ነው፤ ሰማዩ ፈጽሞ ሳይጠቁር፣ ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ የሚቆይባቸው የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች፣ በረዶው ላይ ካረፈው ቢጫ ብርሃን ጋር ሲገጣጠሙ ከቀሪው ምሽት ሁሉ ይበልጣሉ። ብዙ ሰው ይህን ጊዜ የሚያባክነው ወደ ኮረብታው መመልከቻ ለመውጣት በመሰለፍ ነው። የቀድሞው ምሽግ ከነበረበት ከሺሮያማ ኮረብታ መንደሩ ሁሉ ከታች ተዘርግቶ ይታያል፤ ነገር ግን ለዚህ ቦታ ራሱን የቻለ ትኬት የሚያስፈልግ መሆኑን ሳያውቁ የሚሄዱ አሉ። ትኬቱ ያልደረሰው ሰው ማዘን የለበትም። ከታች፣ ከቤቶቹ መካከል ቆሞ ሲያዩት ከላይ የማይታይ ነገር ይታያል።

ያ ነገር የቤቱ አሠራር ነው፤ ይህን ሳይመለከቱ መመለስ ለእኔ ከስህተቶች ሁሉ የሚቆጨው ነው። የአሠራሩ ስም ጋሾ-ዙኩሪ ሲሆን፣ ጋሾ ማለት ሁለት መዳፎችን ለጸሎት መግጠም ነው። ጣሪያው ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ቁልቁለት ያለው በረዶው እንዳይከብደው ነው። ከጣሪያው ሥር ያለው ሰፊ ቆጥ የሐር ትል ይረባበት ነበር። ወራጁና ማገሩ የተያያዙት በሚስማር ሳይሆን በሳር ገመድና ኔሶ በሚባል እርጥብ ቀጭን የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ቅርንጫፉ ለስላሳ ሆኖ ይታሰርና ሲደርቅ ጠብቆ ይይዛል። ከታች ከምድጃው የሚወጣው ጭስ እስከ ክዳኑ ደርሶ ጥላሸት እያለበሰ ከነፍሳት ይጠብቀዋል። ክዳኑ ከ30 እስከ 40 ዓመት ባለው ጊዜ አንዴ ሲለወጥ፣ የመንደሩ ሰው ዩኢ በሚሉት ሥርዓት ተጠራርቶ ይከድናል። ዛሬ ለአንተ ነገ ለእኔ የሚባልበት በመሆኑ እኛ ወንፈል የምንለው ነው። እንግዲህ ዕድል ያለው ሰው በቀን ቀደም ብሎ ደርሶ እንደ ዋዳ ቤት ያሉትን ለጎብኚ ክፍት የሆኑ ቤቶች ገብቶ ቢያይ፣ ማታ ከውጭ የሚያየው ነገር ምን እንደሆነ ያውቃል።

ወደ እሳት ስንመጣ ቸልተኝነት ይቅር የማይባል ስህተት ይሆናል። ሳር ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ሲጋራ እያጨሱ በመንገዱ መሄድ ክልክል ነው፤ ማጨስ የሚቻለው በተፈቀዱ ቦታዎች ብቻ ነው። መንደሩ በየቦታው ትንንሽ የሳር ቤት መስለው የተሠሩ ሳጥኖች ያሉት ሲሆን፣ በውስጣቸው ውኃ ወደ ላይ የሚረጩ መሣሪያዎች ተቀምጠዋል። በየመኸሩ፣ በረዶው ከመግባቱ በፊት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተከፍተው ይፈተሻሉ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ያሉ ጎጆዎች ሲቃጠሉ የመንደሩ ሰው በእነዚሁ መሣሪያዎች ውኃ ሲረጭ ታይቷል። ድሮን ማብረርም እንዲሁ አይፈቀድም።

ቀጥሎ የሚመጣው ስህተት መንደሩን እንደ ሙዚየም ግቢ መቁጠር ነው። መብራት የበራበት መስኮት ጀርባ ሰው እራቱን እየበላ ሊሆን ይችላል። በመስኮት አጮልቆ ማየት፣ ክፍት የመሰለውን በር መግፋት፣ የተሻለ ፎቶግራፍ ፍለጋ ከመንገድ ወጥቶ በረዶ የሸፈነውን መሬት መርገጥ ሁሉ የሰው ግቢና የሰው የሩዝ ማሳ ውስጥ መግባት ነው። ኦጊማቺ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ የቆየው ነዋሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ1971 «አንሸጥም፣ አናከራይም፣ አናፈርስም» ብለው ስለተስማሙ መሆኑን ያወቀ ሰው፣ በራፋቸው ላይ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይከብደውም። ቆሻሻም ይዞ መመለስ እንጂ መጣያ መፈለግ የለበትም።

አለባበስን በተመለከተ ወፍራም ካፖርት ለብሶ በተራ ጫማ የሚመጣው ብዙ ነው። የሚጥለው ግን ብርዱ ሳይሆን በሰው እግር ተደልድሎ እንደ መስታወት የረጋው በረዶ ነው። ውኃ የማያስገባ፣ ሶሉ የሚይዝ ጫማ ያስፈልጋል፤ ከጫማ ሥር የሚታሰር ባለ ጥርስ ጎማ ቢጨመር ደግሞ ይበልጥ ያስተማምናል። የመንገድ ዳር ቦዮች በበረዶ ተሸፍነው ስለማይታዩ ጠርዝ ጠርዙን መሄድ አደገኛ ነው። ከጣሪያ ጠርዝ በታች መቆምም እንዲሁ፤ በዚያ ቁልቁለት ላይ የተከመረው በረዶ ሳያስጠነቅቅ ይናዳል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚያልቅ መለዋወጫውን በውስጥ ኪስ፣ ከሰውነት ሙቀት አጠገብ መያዝ ይጠቅማል። መኪና የሚከራይ ሰው የበረዶ ጎማ መገጠሙን አስቀድሞ ያረጋግጥ፤ ናጎያ ላይ ምንም በረዶ አለመታየቱ ተራራው ላይ ስላለው ሁኔታ የሚናገረው ነገር የለም። ምግብ ቀደም ብሎ መብላት፣ ጥቂት ጥሬ ገንዘብም መያዝ ይገባል።

በመጨረሻ፣ ዕጣው ስላልወጣለት ሐሳቡን ጨርሶ የሚተው ሰው ይሳሳታል። በቶያማ ግዛት ያሉት የጎካያማ መንደሮች፣ አይኖኩራና ሱጋኑማ፣ አሠራራቸው ተመሳሳይ ሆኖ ይበልጥ ትንንሽና ጸጥ ያሉ ናቸው፤ እነርሱም በበረዶው ወራት የመብራት ምሽቶች አሏቸው። በኪዮቶ ግዛት ሚያማ፣ በፉኩሺማ ደግሞ ኦኡቺ-ጁኩ የሳር ክዳን ቤቶቻቸውን በበረዶ ውስጥ ያሳያሉ። ኦጊማቺ ራሱም ቢሆን ዝግጅት በሌለበት ተራ ቀን ማደሪያ ማግኘት ይቀላል። ያን ምሽት አምፖል ወደ ጣሪያው አይበራም፤ የቀን ጎብኚው በአውቶቡስ ከሄደ በኋላ ግን በወረቀት የተለበጡት መስኮቶች አንድ በአንድ ከውስጥ መብራት ይጀምራሉ፤ በረዶው ላይ የሚያርፈውም የቤቱ የራሱ ብርሃን ነው።