የጭነት መኪና ጎማ ያለወጉ ሲያልቅና ሲሰነጣጠቅ መንስኤውን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ጎማ ያለጊዜው ሲያልቅ አብዛኛው ባለመኪና ወዲያው አዲስ ይገዛል፤ አሮጌውን የበላው ጉድለት ግን መኪናው ላይ ስለሚቀር አዲሱም በዚያው መንገድ ያልቃል። ስለዚህ ጎማው ከመውለቁ በፊት በየትኛው አክስል፣ በግራ ወይም በቀኝ እንደነበረና የትኛው ጎኑ ወደ ውጭ እንደነበረ በጠመኔ ሊጻፍበት ይገባል። ቦታው ያልታወቀ ጎማ የሚሰጠው መረጃ ግማሽ ነው።

ምርመራው ከአየር ይጀምራል። ግፊቱ የሚለካው መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ በጉዞ የጋለ ጎማ ግፊቱ ከፍ ስለሚል፣ ያን ጊዜ አየር የሚያስተነፍስ ሰው ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ሆኖ ያገኘዋል። መካከሉ ቀድሞ ያለቀ ጎማ ለተሸከመው ጭነት አየር የበዛበት ሲሆን፣ ሁለቱም ትከሻዎቹ (መሬት የሚረግጠው ገጹ ዳርና ዳር) ቀድመው ያለቁ ጎማ ግን አየር ያነሰው ወይም ጭነት የበዛበት ነው።

በአንድ ትከሻ ብቻ ያለቀ ጎማ ወደ አላይመንት፣ ማለትም ወደ ጎማዎቹ አቅጣጫና አቋቋም ልክ፣ ያመለክታል፤ ሆኖም ከዓይን ይልቅ እጅ የተሻለ ይመረምራል። መኪናው ቆሞና ታኮ ተደርጎለት፣ መዳፍን በጓንት ሸፍኖ በጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቀጥሎም ከውስጥ ወደ ውጭ ማሻሸት ነው። ወደ ውስጥ ሲሄድ ለስልሶ ወደ ውጭ ሲመለስ እንደ መጋዝ ከቧጠጠ፣ የፊት ጎማዎቹ ፊታቸው ከመጠን በላይ ተቀራርቧል፤ ተቃራኒው ከሆነ ደግሞ ተራርቋል። መቧጠጡ ሳይኖር አንዱ ወገን ለስልሶ ካለቀ፣ የጎማው ዘመም ማለት ወይም የኪንግፒን (የፊት ጎማ ሲጠመዘዝ የሚዞርበት ዘንግ) መላላት ይጠረጠራል። የላላ ዕቃ ሳይቀየር የሚሠራ አላይመንት፣ በእኔ ግምት፣ ብዙ ሳይቆይ የሚበላሽ ሥራ ነው።

በዙሪያው እዚህም እዚያም የተጎደጎደ ጎማ መሬት ላይ እየነጠረ የሄደ ጎማ ነው፤ ሾክ አብዞርበሩ፣ ኩሽኔታውና ባላንሱ ይታዩ። አንድ ቦታ ብቻ የተላጠ ከሆነ ፍሬን ይዞት ተጎትቷል ማለት ነው። ከጥንድ ጎማዎች አንዱ በፍጥነት ሲያልቅ የሁለቱ ዙሪያ ልክና ግፊት ይነጻጸር፤ አብረው ለመዞር ስለሚገደዱ ትንሹ እየተንሸራተተ ሲበላ፣ ትልቁ ደግሞ የጓደኛውን ጭነት ይሸከማል።

ስንጥቅን በተመለከተ ዋናው ጥያቄ ከእርጅና ነው ወይስ ከድካም የሚለው ነው። በጎኑ ላይ የሚታይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ የፀሐይና በአየር ውስጥ ያለው የኦዞን ጋዝ ሥራ ነው። ጎማው ውስጥ የተጨመሩት መከላከያ ውህዶች ወደ ላይኛው ገጽ በደንብ የሚወጡት ጎማው ሲሽከረከርና ሲተጣጠፍ በመሆኑ፣ ለወራት የቆመ ተሳቢ ጎማዎች ከሚሠራው መኪና ቀድመው ቢሰነጠቁ አያስገርምም። ዕድሜውን ለማወቅ በጎኑ ላይ ያለው የአራት አኃዝ ቁጥር ይነበባል፦ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ስንጥቁ በደነዘዘ መሣሪያ ቀስ ተብሎ ሲከፈት ክር ወይም ሽቦ ከታየ ግን ዕድሜው ምንም ይሁን ጎማው ከሥራ ይወጣል።

በጎኑ ላይ ዙሪያውን ተከትሎ የሚሄድ ስንጥቅ ከዚህ የከፋ ነው፤ አየር አንሶት ወይም ጭነት በዝቶበት ደጋግሞ መታጠፉን ያሳያል። በቸርኬው አጠገብ ያለው ስንጥቅ ደግሞ ከመጠን ያለፈ ጭነትን ወይም ከፍሬን የሚመጣ ሙቀትን ያስጠረጥራል።

ከሁሉም አሳሳቢው ከውጭ ምንም የማያሳየው ጎማ ነው። የሚገባውን ግፊት 80 በመቶ ብቻ ወይም ከዚያ ያነሰ አየር ይዞ የተነዳ ራዲያል ጎማ (ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የተዘረጉበት) በጎኑ ያሉት የብረት ሽቦዎች ደክመው ሊሆን ስለሚችል፣ አየር ሲሞላ ጎኑ እንደ ዚፕ ተከፍቶ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለው ጎማ መኪናው ላይ እንዳለ አይነፋም፤ ተፈትቶ ውስጡ በባለሙያ ይመረመራል፣ ከዚያም በብረት መከላከያ ውስጥ ሆኖ በረጅም ቱቦ ይሞላል። በመሙላት ላይ ሳለ የመንጣጣት ድምፅ ከተሰማ ወይም ጎኑ ካበጠ፣ ሠራተኛው ወደ ጎማው ሳይጠጋ አየሩን ከርቀት ያስተነፍሳል፤ ያ ጎማም ዳግመኛ አይገጠምም።