በአላስካ የባሕር ዳርቻ ድብ ለማየት የሚጓዝ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአላስካ ልሳነ ምድር፣ ከካትማይ ብሔራዊ ፓርክ እስከ ማክኒል ወንዝ በሚዘልቀው የባሕር ዳርቻ፣ ቡናማ ድቦች በብዛት ተሰብስበው የሚታዩባቸው በዓለም የታወቁ ስፍራዎች ይገኛሉ። በካትማይ ብቻ 2,200 ያህል ድቦች እንደሚኖሩ ይገመታል። ወደዚያ የሚወስድ የመኪና መንገድ ስለሌለ፣ ጎብኚው ከሆመር፣ ከኮዲያክ ወይም ከኪንግ ሳልሞን ተነሥቶ በባሕር አሸዋ ወይም በውኃ ላይ በሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ይጓዛል፤ ከወረደም በኋላ በብዙው ስፍራ የሚያገኘው ጥቂት ድንኳኖችን፣ አንድ የማብሰያ ቤትንና አስጎብኚውን ብቻ ነው። ድብ በአገራችን የሌለ እንስሳ በመሆኑ ስለ እርሱ ያለን እውቀት ከንባብና ከሥዕል የተገኘ ነው፤ ስለዚህ ወደዚህ ስፍራ ለመሄድ ያሰበ ወገናችን ከመነሣቱ በፊት ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ገና ከቤት፣ ጉዞው ሲታቀድ ነው። ፏፏቴ አናት ላይ ቆሞ የሚዘለውን ሳልሞን በአፉ የሚቀልብ ድብ በፎቶግራፍ ያየ ሰው በየትኛውም ወር ቢሄድ ያንኑ ትርኢት የሚያገኝ ይመስለዋል። ድቡ ግን ምግቡን ተከትሎ የሚዞር እንስሳ ነው። በጁን ወር በዳርቻው ረግረግ ላይ እንደ ከብት ሣር ሲግጥ፣ ባሕሩ በሸሸ ጊዜም ጭቃውን በጥፍሩ እየቆፈረ በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ እንስሳትን ሲያወጣ ይታያል። በማክኒል ፏፏቴ ድቦች የሚበዙት በጁላይና በኦገስት መጀመሪያ ሲሆን፣ በካትማይ ውስጥ ባለው በብሩክስ ወንዝ ደግሞ በጁላይና በሴፕቴምበር ነው። በእኔ አስተያየት የጁን ወር ከሚገባው በታች ተገምቷል፤ ሜዳው ገላጣ፣ ብርሃኑ ረጅም፣ እናቶችም በዚያው ዓመት ከተወለዱ ግልገሎቻቸው ጋር በጸጥታ የሚግጡበት ጊዜ ነውና። ማክኒልን የመረጠ ሰው በበኩሉ ፈቃዱ በዕጣ የሚሰጥ መሆኑን፣ ማመልከቻውም እስከ ማርች 1 ድረስ መግባት እንዳለበት አውቆ ቀደም ብሎ መወሰን ይኖርበታል።

የመመለሻውን ቀን ከሥራ መግቢያ ቀን ጋር አጣብቆ መያዝም ሌላው የእቅድ ስህተት ነው። ጭጋግ ከወረደ ወይም ነፋስ ከበረታ ትንሿ አውሮፕላን አትነሣም፤ አብራሪውን በልመና ወይም በቁጣ ማስጨነቅም ነውር ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው። አንድ ወይም ሁለት ትርፍ ቀን ይያዝ።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ሰውን የለመደን ድብ እንደ ለማዳ መቁጠር ነው፤ በቋንቋችን ሁለቱ ቃላት ከአንድ ሥር ቢወጡም እዚህ ላይ በመካከላቸው ሰፊ ገደል አለ። የማክኒል ድብ በሰዎች ፊት ተኝቶ ግልገሎቹን የሚያጠባው ወይም ዓሣውን የሚበላው ሰውን ስለሚወድ አይደለም። ለብዙ ዓመታት ሰዎች በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተመሳሳይ መንገድ መጥተው፣ በተመሳሳይ ስፍራ ተቀምጠው፣ ምንም ሳይሰጡትና ምንም ሳይወስዱበት ሲመለሱ ስላየ፣ እንደ ድንጋይና እንደ ዛፍ ቆጥሯቸው ነው። የጥበቃ ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1967 ተቋቁሞ፣ የጎብኚዎች ቁጥር በፈቃድ መወሰን የተጀመረው በ1973 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቀን ከአስጎብኚ ጋር የሚወጡት ሰዎች ከ10 እንዳይበልጡ ተደርጎ፣ በአንድ ጊዜ ከ70 የሚበልጡ ድቦች በታዩበት በዚያ ፏፏቴ አጠገብ በድብ የተጎዳ ጎብኚ የለም። ይህንን ሰላም ያቆየው የድቡ ጠባይ ሳይሆን የሰዎቹ ሥርዓት ነው።

ሐረር ላይ ጅብን በሥጋ የሚቀልቡትን ያየ ሰው የዱር እንስሳና ሰው በምግብ አማካይነት ሊቀራረቡ ይችላሉ ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሐረር ልማድ የራሱ ታሪክና የራሱ ባለሙያዎች አሉት፤ ወደ አላስካ ግን ፈጽሞ ሊወሰድ አይገባም። ድብ አንድ ጊዜ የሰው ምግብ ከቀመሰ ሰውንና ድንኳንን ከምግብ ጋር ያያይዛል፤ እንዲህ ያለው ድብ ፍጻሜው ብዙውን ጊዜ በጥይት መገደል ነው። ምግብ ሲባል ደግሞ የሚበላው ብቻ አይደለም። የጥርስ ሳሙና፣ ሽቶ፣ የከንፈር ቅባት፣ ባዶ የማስቲካ ወረቀት ጭምር ሽታቸው ይጠራዋል። ስለዚህ በጃኬት ኪስ የተረሳ አንድ ጭብጥ ቆሎ፣ ለመንገድ የተያዘ ዳቦ ቆሎ ወይም በፌስታል የተቋጠረ በሶ ወደ መኝታ ድንኳን መግባት የለበትም፤ ሁሉም ድብ ሊሰብረው በማይችል ዕቃ ውስጥ ተከቶ፣ በኤሌክትሪክ አጥር በተከበበው ስፍራ ወይም በምግብ ማከማቻው ውስጥ ይቀመጥ። አስጎብኚው ኪሳችሁን ፈትሹ ሲል እንደ ንቀት የሚቆጥረው ሰው ካለ፣ ጉዳዩ የክብር ሳይሆን የድቡ ሕይወት መሆኑን ይወቅ።

ግልገሎችዋ የተነጠቁባት ድብ ምን ያህል አስፈሪ እንደሆነች ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ ስለዚህም እናት ድብ ግልገሎችዋን ሰዎች በተቀመጡበት አቅራቢያ ትታ ወደ ወንዙ ስትወርድ የተመለከተ ጎብኚ በጣም ይደነቃል። እናቶች ይህን የሚያደርጉት ግልገሎችን የሚገድሉት ትላልቅ ወንዶች ከሰው ስለሚርቁ፣ የሰውን አጠገብ እንደ መጠለያ ስለሚጠቀሙበት ነው። ስህተቱ ያንን ቅርበት እንደ ግብዣ ወስዶ ወደ ግልገሎቹ አንድ እርምጃ መራመድ ነው። በካትማይ ደንብ ሰው ወደ ድብ ከ45 ሜትር ባነሰ ርቀት መቅረብ የለበትም። ድቡ ራሱ መርጦ ቢቀርብ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ የጎብኚው ድርሻ አስጎብኚው እንዳዘዘው ተሰብስቦ፣ ዝም ብሎ መቆየት ነው። ለፎቶግራፍ የተሻለ ማዕዘን ፍለጋ ከቡድኑ የሚነጠል ሰው ይህንን ሥርዓት የሚያፈርስ የመጀመሪያው ነው፤ ቅርበቱን በእግር ሳይሆን በረጅም ሌንስ ይፈልገው። ድሮን በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ የተከለከለ ነው።

የድብን ሁኔታ በተሳሳተ መንገድ ማንበብም የተለመደ ነው። ድብ በኋላ እግሮቹ ሲቆም ብዙ ሰው ሊያጠቃ የተነሣ ይመስለዋል፤ ይሁንና አብዛኛውን ጊዜ አሻግሮ ለማየትና ለማሽተት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሲያዛጋ ያየው ሰው ደክሞታል ብሎ ይሥቃል። ማዛጋት፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ መንጋጋን ማንቀጫቀጭና በኃይል ማናፋት የጭንቀት ምልክቶች ናቸው፤ ማፈግፈግ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። በምንም ሁኔታ መሮጥ አይገባም፤ ድብ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ የሚሸሽንም ያሳድዳል።

ልምድ ያለው ሰው ሥርዓት አያስፈልገውም የሚለው አስተሳሰብ ያስከተለውን ሐዘን የካትማይ ዳርቻ ያውቀዋል። ቲሞቲ ትሬድዌል ለ13 ዓመታት በየዓመቱ በሙቀት ወራት ከድቦች መካከል የኖረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ግን ከጓደኛው ከኤሚ ሁጉናርድ ጋር በካፍሊያ የባሕር ወሽመጥ በድብ ተገደሉ። ድንኳናቸው የተተከለው ድቦች በሚመላለሱበት ቁጥቋጦ ውስጥ ነበር፣ የኤሌክትሪክ አጥርም ሆነ በርበሬ የሚረጭ መከላከያ አልነበራቸውም፣ ወቅቱም ድቦች ለብርዱ ወራት ረጅም እንቅልፍ ስብ ለማከማቸት የሚሻሙበት ጊዜ ነበር። አስከሬናቸውን ሊያነሡ የሄዱት ሰዎች በስፍራው ሁለት ድቦችን ገድለዋል። ስለዚህ ሌሊት ለመጸዳዳት ሲወጡ እንኳ ድምፅን አሰምቶ፣ መብራት ይዞና ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ መውጣት ፍርሃት ሊባል አይገባውም።

ስለ ልብስ ብዙ ማለት አያስፈልግም፦ ጥጥ ከረጠበ ስለማይደርቅና ብርድ ስለሚያስገባ ሱፍ ይሻላል፣ ባሕሩ የሸሸበትን ጭቃና ወንዞቹን ለመሻገር እስከ ጭን የሚደርስ ቡት ጫማ ግድ ነው። በርበሬ የሚረጨውን ጣሳ ግን በመንገደኞች አውሮፕላን በእጅም ሆነ በሚጫን ሻንጣ መያዝ ስለማይፈቀድ እዚያው መግዛት ያስፈልጋል፤ ትንሿ አውሮፕላን ላይ ሲወጡም ጣሳውን ከመቀመጫው ክፍል ውጭ እንዲያስቀምጠው ለአብራሪው መንገር ይገባል፣ በውስጥ ቢፈነዳ ዓይኑን ያሳውረዋልና።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት አስጎብኚውን መጠየቅ የሚቸግራቸው ብዙዎች ናቸው። በአንድ ቡድን ስንት ሰው እንደሚያወጣ፣ ምግቡን የት እንደሚያስቀምጥ፣ ወደ ወንዙ ሊወርድ የነበረ ድብ ጎብኚዎችን አይቶ ቢያመነታ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቅ። ሰዎቹን ወደ ኋላ መልሼ መንገዱን እለቅለታለሁ የሚል ከሆነ፣ የዚያን ቀን ፎቶግራፍ ቢያስቀርም አብረውት ሊሄዱ የሚገባው እርሱ ነው።